ቡና የሚታረድበት ቤት

«ቡና ቀላ» ሲባል ምን ይታይዎታል? አፍዎን የፈቱት በአማርኛ ከሆነ፣ ቀልተው የተንዠረገጉ የቡና ፍሬዎች ሳይታዩዎት አይቀሩም። ነቀምቴ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ቅቤ የጠገበ ቡና ከነገለባው ሲቀርብልዎ ግን ነገሩ ሌላ መሆኑ ይገባዎታል። በአፋን ኦሮሞ «ቀሉ» ማረድ ነው፤ ቡና ቀላም የቡና ዕርድ ማለት ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣም። ፍሬው ቅቤ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጫፉ በጥርስ ወይም በጥፍር ይቀነጠባል፤ ዕርዱ ይኸው ነው። ደም ሳይፈስ ቡናው በከብቱ ፋንታ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ቤተሰቡም ከአንድ ዕቃ ይቋደሳል። የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» በሚል ስም ይሸጣል፤ ገዢው ግን ይህን የስሙን ወግ አብሮ አይገዛም።

የምግብ ስም ሙያው የረሳውን ጭምር ይዞ ይቆያል። ኤስቶኒያውያን ለገና የሚጋግሩትን ቅመም የበዛበት ብስኩት «ፒፓርኮክ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የቁንዶ በርበሬ ኬክ» እንደማለት ነው። ዛሬ ጎልቶ የሚሸተው ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ዝንጅብል ቢሆንም፣ ስሙ ቅመም ሁሉ በቁንዶ በርበሬ ስም ይጠራ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል።

እኛስ? ተቆልቶና ተፈጭቶ በታሸገ ቡና ያደገ የከተማ ልጅ ጀንፈል አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ እቤትዎ ይሞክሩት። ጥቂት ጀንፈል ለቅመው ይጠቡ፤ ጫፍ ጫፉን ይቀንጥቡ፤ ይህን ልጆችም ሊያግዙዎት ይችላሉ። ቅቤ በለስላሳ እሳት አቅልጠው ፍሬውን ይጨምሩና ጨው ጣል አድርገው፣ ገለባው እስኪለሰልስ ያማስሉ። የተቆላ ገብስ ቢቀላቅሉበት ይጣፍጣል። ቡናው ስለሚያነቃ ለትንንሾቹ ገብሱ ይበቃቸዋል።

ልጅዎ «ቡና እንዴት ይታረዳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ለእርስዎ ብቻ አይተዉት፤ ስልክ አንስተው ወለጋ ያሉ አያት ካሉ ያገናኙት። ምርቃቱንም በቋንቋቸው ይስማ። ቅቤና ጀንፈል ገበያ ላይ ይገኛል፤ ምርቃቱን ግን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።