ጉልበቱን የታመመ ጭኑን ይለካ

ወላይታ ሶዶ ላይ በፊዚዮቴራፒ ሙያ የሚሠራ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ሕመሙን ወራት አክርሞ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ታሽቷል። ከፋርማሲ ማስታገሻ እየገዛ ውጧል። ሲብስበት ራጅ ተነስቶ «አጥንትህ ደህና ነው» ተብሏል፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጅማቱንም ሆነ በሁለቱ አጥንቶች መሐል እንደ ትራስ የተነጠፈውን ሜኒስከስ አያሳይም።

እኔ ምርመራውን ከጭን እጀምራለሁ። ከጉልበት ሎሚ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ሁለቱንም ጭን ዙሪያውን እለካለሁ። የታመመው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ቀጥኖ ሲገኝ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ እስከዚያ ቀን ዓይኑ እብጠቱ ላይ ብቻ ነበርና። ጉልበት ሲያብጥ አንጎል የፊት ጭን ጡንቻን እንዳይሠራ ያፍነዋል። ሰውየውም ክብደቱን ወደ ደህናው እግር ያዞራል። በጥቂት ሳምንት ጡንቻው ይሟሽሻል፤ ከዚያ በኋላ ከዳሞታ ተራራ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጉልበቱ ይከዳዋል።

የመጀመሪያው ሥራ ቀላል ነው። እግርን ዘርግቶ መቀመጥ፣ ፎጣ ጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ማድረግ፣ ጭንን አጥብቆ ፎጣውን ወደ ታች መጫን፣ እስከ 5 ቆጥሮ መልቀቅ። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ የትራንስፖርት ከፍሎ የመጣ ሰው «ለዚህ ነው የደከምኩት?» ቢለኝ አልፈርድበትም። መርፌና መድኃኒት ጠብቆ ነው የመጣው። ግን ፎጣው በየሳምንቱ ቦታውን ለከበደ ሥራ ይለቃል፦ ከወንበር በአንድ እግር መነሳት፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ። 3 ወር በትጋት የሠራ ሰው ስለ ኦፕራሲዮኑ የሚወስነው የጠነከረ እግር ይዞ ነው። ሳይሠራ የሚወስን ግን ጉዳቱን ከድካሙ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ለኦፕራሲዮን አትቸኩሉ የምለው በግምት አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ሜኒስከሳቸው ከዕድሜ ጋር የተቀደደ 146 ሰዎች ላይ የተሠራና በ2006 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። ለግማሾቹ የተቀደደው ክፍል ተቆርጦ ወጣ፤ ለቀሩት መሣሪያው ገብቶ ጉልበታቸው ታየ እንጂ ምንም አልተቆረጠም። ከዓመት በኋላ በሁለቱ ወገን ሕመም መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

የወጣቶቹ ነገር ለየት ይላል። በ2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያሰናብት ያዩ ልጆች ዛሬ ጎርምሰው ጠጠር ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። እግር መሬት ላይ ተተክሎ ገላ ሲዞር «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጉልበቱ በሰዓታት ውስጥ ያብጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ያመለክታል። ስዊድን ውስጥ እንዲህ የተጎዱ 121 ወጣቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሱ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አገኙ፣ ገሚሱ በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው ካስፈለጋቸው ኋላ ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ ተደረገ። ከ5 ዓመት በኋላ ከሁለተኞቹ ግማሽ ያህሉ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋቸው ቀርተዋል። ስለዚህ ልጁን «ወደ ኳስ መመለስ ትፈልጋለህ? ከጠነከርክስ በኋላ ይከዳሃል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሁለቱንም አዎ ካለ ያለማመንታት ወደ ቀዶ ሐኪም እልከዋለሁ። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል በአጥንት ቀዶ ሕክምና ስለታወቀ ከሩቅ ወረዳ ሳይቀር ሰው ይመጣበታል።

ለእናቶች ምክሬ ሌላ ነው። መሬት ተቀምጣ፣ እግሯን አጥፋ ቀኑን ሙሉ እንሰት ለምትፍቅ እናት «ጉልበትሽን አሳርፊ» ማለት ቤትሽን ዝጊ ማለት ነው። «እናቴ፣ ዱካ ላይ ሆነው ይፍቁ፣ መሐል መሐል እየተነሱ እግርዎን ይዘርጉ፣ ሸክሙን ከፍለው ይመላለሱ» እላለሁ። ወፈር ካሉ፣ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ጉልበታቸው በእያንዳንዱ እርምጃ የ4 ኪሎ ያህል ጫና እንደሚቀልለት እነግራቸዋለሁ።

3 ወሩን የማይጠብቅም አለ። ጉልበቱ ተቆልፎ አልዘረጋ ያለው፣ ወይም ከሞተር ወድቆ መቆም ያቃተው ሰው ፎጣ ሊጫን አይገባም። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከጨመረበት ደግሞ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይግባ፤ ሳያስመረምር ማሸት ክፉ ጉዳት ያመጣል።

ኦፕራሲዮን የመረጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር እንዲነጋገርበት የምመክረው ጊዜውን ነው። ጅማቱ የተተካለት ተጫዋች ቢያንስ 9 ወር ከግጥሚያ ይርቃል፤ እስከዚያ የሚያሠራው ባለሙያ የት እንዳለ አስቀድሞ ይወቅ። ገበሬ ከሆነም ጉዳቱ የሚያስቸኩል ካልሆነ ቀጠሮው የበልግ ዘር ካለፈ በኋላ እንዲሆንለት ይጠይቅ፤ አለዚያ ቁስሉ ሳይጠግግ ማሳ ይወርዳል።