ዘመድ እንዳይሆን፥ ባዕድም እንዳይሆን

በመቀሌ ከተማ ሓወልቲ በተባለው ሠፈር የሰማዕታቱ ሐውልት ከሩቅ ይታያል። አገሩ የሙታን ስም የማይረሳበት አገር ነው፤ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ እንኳ ሽማግሎች አስቀድመው ሲጠይቁ የኖሩት የልጅቱን መልክ ወይም የአባቷን ከብት ሳይሆን የአያት የቅድመ አያቶቿን ስም ነው።

የቆጠራው ሥርዓት እንዲህ ነው። በአባትም በእናትም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይወጣል። በመካከሉ የጋራ አያት ከተገኘ ልጆቹ እንደ እኅትና ወንድም ይቆጠራሉ፤ ነገሩም እዚያው ይቀራል። ሕጉ ግን ይህን ያህል አይርቅም፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ በሥጋ የጎን ዝምድና የሚከለክለው ወንድምና እኅትን፥ አክስትንና አጎትን ነው።

ባህል በአንድ በኩል ዘመድ አታግባ ሲል፥ በሌላ በኩል ደግሞ ባዕድ አታግባ ይላል። ቀጥቃጭ፥ ፋቂና ሸክላ ሠሪ «ቡዳ ነው» እየተባለ ስንት ጊዜ ከጋብቻ ታግዷል! ማረሻውን ከባልየው፥ ምጣዱን ከሚስትየዋ የሚገዛ ጎረቤት ልጁን ለልጃቸው አይሰጥም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ አዋጅ ግን ስድብን ይከለክላል እንጂ ሙሽራ አይድርም።

ነገሥታቱ በአንጻሩ ጋብቻን የሰላም ማሰሪያ ያደርጉት ነበር። በ1875 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ልጅ ራስ አርአያ ሥላሴ የንጉሥ ምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ፤ ሙሽራይቱ የ6 ዓመት ገደማ ሕፃን ነበሩ። ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ሲሞቱ ጋብቻው አበቃ፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ አባቶች ለጦር ተፋጠጡ። የመንግሥትን ውል ልጆች ሊሸከሙት አይችሉም።

ተራው ሰው ግን በንግድ፥ በትምህርትና በሥራ እየተገናኘ ትግራዋዩ ከአማራው፥ አማራው ከኦሮሞው ሲጋባ ኖሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ያለ ዘርና ያለ ሃይማኖት ልዩነት የመጋባትን መብት ጽፏል። ዳሩ ግን ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ስልክና ባንክ ሲቋረጥ፥ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ባል የአማቱን ደኅንነት መጠየቅ ተሳነው፤ ልጆችም የአባታቸውና የእናታቸው ወገን ሲዋጋ ሰሙ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የአያቶችን ስም ማወቅ ጌጥ ነውና ቆጠራው አይጥፋ። ነገር ግን ሰባት ቤት የተቆጠረው ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ እንጂ ሰው ከሰው እንዲለያይ አይደለም። ልጅህ ያመጣችውን ሰው ከሐረጉ በፊት ጠባዩን መርምር።