“የሞት ክሪስታል”፦ በነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚታየው አረንጓዴ ነጥብ ምን ይናገራል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ወባ ተጠርጥሮ “ደም ፊልም” የታዘዘለት ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። ጠብታ ደም በመስታወት ስላይድ ላይ ይቀባል፤ ቀለም ይጨመርበታል፤ ከዚያም በማይክሮስኮፕ ይታያል።

በዚሁ ዓይነት ስላይድ ላይ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተኙ ሰዎች በተወሰደ ደም ውስጥ አልፎ አልፎ ያልተለመደ ነገር ይገኛል። ኒውትሮፊል፣ አንዳንዴም ሞኖሳይት በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ የሚያንጸባርቅ ሰማያዊ አረንጓዴ ነጥብ ነው። በላቦራቶሪ ባለሙያዎች ዘንድ “የሞት ክሪስታል” በሚል አስፈሪ ስም ይታወቃል።

ስሙ ግን ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ነጥቡ ክሪስታል አይደለም፤ ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት ከተጎዱ የጉበት ሕዋሳት የወጣ፣ ስብ የበዛበት ዝቃጭ ነው። ደም ግፊት ክፉኛ ሲወርድ ጉበት በቂ ኦክስጅን አያገኝም፤ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ፍርስራሹን ይውጣሉ። ደግሞም ነጥቡ የታየበት ሰው ሁሉ አይሞትም። በርካቶች በቀናት ውስጥ ሕይወታቸው ቢያልፍም ያገገሙ አሉ። አደጋው የሚብሰው በደም ውስጥ ያለው ላክቲክ አሲድም አብሮ ከፍ ሲል ነው።

ነጥቡን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። ጥቅሙ ሐኪሙ የጉበትንና የላክቲክ አሲድን ምርመራ ሳይውል ሳያድር እንዲያይ ማንቃቱ ነው። የደም ሕዋሳትን በደቂቃ የሚቆጥረው ማሽን ግን ይህን ነጥብ ለይቶ አያሳውቅም፤ ስላይዱን በዓይኑ የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ማሽኖች የሚቆጥሩት ሌላ ምልክት አለ፦ ኒውክሌሱን ያልጣለ ቀይ የደም ሕዋስ። ቀይ የደም ሕዋስ ከመቅኔ ወጥቶ ወደ ደም ሥር ከመግባቱ በፊት ኒውክሌሱን ይጥላል። በጽኑ የታመመ አዋቂ ደም ውስጥ ኒውክሌስ ያላቸው ሲገኙ፣ ከባድ የኦክስጅን እጥረት ወይም ብርቱ ኢንፌክሽን መቅኔን እንዳስጨነቀው ሊጠቁሙ ይችላሉ።

አሜሪካ ውስጥ የምርመራ ውጤት ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳያብራራው በኢንተርኔት ለታካሚው ይደርሳል። “ኤንአርቢሲ” የሚለውን መስመር ያየ ቤተሰብ ብቻውን ባይደነግጥ ይመረጣል፤ እነዚህ ሕዋሳት በጨቅላ ሕፃናት፣ ጣፊያቸው በወጣላቸውና ብዙ ደም በፈሰሳቸው ሰዎችም ይታያሉ። ለሐኪሙ የሚቀርበው ጥያቄ ቁጥሩ ከትናንቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለው ነው።