በሎስ አንጀለስ ኮሌጆች ደጃፍ፦ ከነፃ ትምህርት እስከ ሐሰተኛ አመልካች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አመልክቶ «አልተቀበልንህም» የተባለ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ1960 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) የወጣው የካሊፎርኒያ የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን ትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች በውጤታቸው ለላቁት ሲሰጥ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ተምሮ ሊጠቀም ለሚችል ሁሉ ክፍት አደረጋቸው። በከተማዋ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወረዳ ሥር ያሉት 9 ኮሌጆች ዛሬም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ታዲያ አመልካቹን ደጃፍ ላይ የሚያስቀረው ምንድን ነው? መልሱ በየዘመኑ ተቀያይሯል።

መጀመሪያ ገንዘብ ነበር። ትምህርቱ እስከ 1984 ነፃ ነበር። በዚያ ዓመት ለሙሉ ጊዜ ተማሪ በሴሚስተር 50 ዶላር ተጣለ። ከዚያ በኋላ የስቴቱ በጀት በተናጋ ቁጥር ክፍያው ሲጨምር፣ አልፎ አልፎም ሲቀንስ ቆይቶ በ2012 በአንድ ዩኒት 46 ዶላር ላይ ቆመ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ወቅት የከፋው ክፍያው አልነበረም። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ኮሌጆቹ ክፍሎቻቸውን ስለቀነሱ፣ ተቀባይነት ያገኘ ተማሪ የሚመዘገብበት ክፍል አጥቶ በተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ይንከራተት ነበር።

ሁለተኛው መሰናክል የምደባ ፈተና ነበር፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሰው ያባከነውም እሱ ነው። አዲስ ገቢ እንግሊዝኛና ሒሳብ ይፈተንና አብዛኛው ወደ ማጠናከሪያ ኮርስ ይላክ ነበር። ኮርሱ ለዲግሪ አይቆጠርም ነበር፤ ጊዜና ገንዘብ ግን ይበላ ነበር። ብዙዎች ከዚያ ሳይወጡ ትምህርቱን ተዉት። በ2017 የጸደቀው ኤቢ 705 የተባለው ሕግ ምደባው በሁለተኛ ደረጃ ውጤት ላይ እንዲመሠረት አዘዘ፤ በ2019 መኸር ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ትራንስክሪፕት የሌለው፣ ለምሳሌ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ፣ በመመሪያ ታግዞ ደረጃውን ራሱ የሚመርጥበት መንገድም ተከፈተ።

የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ በአንፃሩ እየላላ መጥቷል። የ2001ዱ ኤቢ 540 በካሊፎርኒያ ሦስት ዓመት ተምሮ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ባይኖረውም፣ እንደ ነዋሪ እንዲከፍል ፈቀደ። ክፍያውም ቀለለ፤ በ2017 የከተማዋ ኮሌጆች ለሕዝብ ትምህርት ቤት ምሩቃን የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ አነሡ፤ ቆየት ብሎ ሁለተኛው ዓመት ተጨመረ።

ከዚያ ኮቪድ መጣና ክፍሎች ወደ ኦንላይን ተዛወሩ። ተማሪው በአካል ሳይታይ መመዝገብ ሲችል አጭበርባሪዎች የፌዴራሉን የትምህርት ድጎማ ለመብላት በሺህ የሚቆጠሩ ሐሰተኛ ማመልከቻዎችን በቦት ማስገባት ጀመሩ። በ2021 የኮሌጆቹ የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ስቴቱ የማመልከቻ ድረ ገጽ ከሚገባው ትራፊክ 20 ከመቶ ያህሉ የቦትና የተንኮል ነው አለ። ጉዳቱ ለመንግሥት ካዝና ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛው ወንበሩን ስለያዘ እውነተኛው ተማሪ «ክፍሉ ሞልቷል» ይባላል። በመሆኑም የዛሬ አመልካች ዋና ሥራ ማንነቱን ማስረዳት ሆኗል፤ መታወቂያው ካልተረጋገጠ ማመልከቻው ይንጠለጠላል።

በቅርቡ በዲቪ ገብታችሁ ፌርፋክስ አካባቢ ለምትኖሩ አንድ ቃል፦ ማመልከት ነፃ ነው፤ «ፎርም እንሞላለን» ለሚል ሰው አትክፈሉ። የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት በስቴቱ አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መኖር ይጠይቃል። እስከዚያ ግን ክሬዲት የሌላቸው የእንግሊዝኛ ትምህርቶች በነፃ ስለሚሰጡ ዓመቱን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ። ካመለከታችሁ በኋላም ኢሜይላችሁን በየቀኑ እዩ፤ የማንነት ማረጋገጫው ጥያቄ የሚመጣው በዚያ ነው።