የጥናት ጽሑፍ ወደ መጽሔት የሚደርስበት መንገድ

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ በኮሌጃችን የሚቀርቡት የመመረቂያ ጽሑፎች በቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ ይደረደራሉ። ተማሪው ለሳምንታት በእግሩ ተጉዞ፣ ሽማግሌ ጠይቆ፣ አፈር መዝኖ፣ የጤና ጣቢያ መዝገብ ገልብጦ የሰበሰበው ነገር አማካሪውና ፈታኙ ካነበቡት በኋላ ሦስተኛ አንባቢ ሳያገኝ ይቀራል። ምክንያቱን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ የምንሰማው መልስ «ለጆርናል የሚበቃ አይደለም» የሚል ነው። እኛ የታዘብነው ግን ከዚህ ይለያል። ከነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ ያልታተሙት ዋጋ ስለሌላቸው ሳይሆን ባለቤቶቻቸው መንገዱን ስላላወቁት ነው። ስለዚህ ራሳችን የተሰናከልንበትን ሥፍራ ሳንደብቅ መንገዱን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማሳየት አስበናል። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የጥናት መጽሔት አዲስ ነገር አይደለም። በ1665 በጥር ወር በፓሪስ «ዡርናል ዴ ሳቫን»፣ በመጋቢት ወር ደግሞ በለንደን በሄንሪ ኦልደንበርግ አዘጋጅነት «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» መውጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ሊቃውንት ያገኙትን ነገር ለወዳጆቻቸው በደብዳቤ ይገልጹ ስለ ነበር፣ ከደብዳቤው ክብ ውጭ ያለ ሰው ወሬውን በጊዜው የሚሰማበት መንገድ ጠባብ ነበር። በእኛም አገር በ1953 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ቡሌቲኑን ማውጣት ጀመረ፤ በ1962 የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ በ1963 ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ተከተሉ።

መጽሔት ለአንድ ግኝት ምን እንደሚያደርግለት ለመረዳት ከእንዶድ ታሪክ የሚሻል ምሳሌ አላገኘንም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። በዚያም ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ አዩ። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፤ የሞቱትንም ቀንድ አውጣዎች ከሳቸው በፊት ያየ ሰው ሳይኖር አይቀርም። እሳቸው ግን በማየት ብቻ አላቆሙም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው የእንዶዱን አረፋ አስጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያም በላቦራቶሪ መረመሩትና በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አጭር ጽሑፍ አወጡ። መጽሔቱ ያን ጊዜ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበረ።

የጽሑፉ ርእስ የሚጀምረው «የመጀመሪያ ሪፖርት» በሚል ቃል ነው። ይህን ልብ እንበለው። ርእሱ የቢልሃርዚያ መድኃኒት ተገኘ አይልም፤ እንዶድ ቀንድ አውጣን የመግደል ጠባይ እንዳለው የሚያመለክት የመጀመሪያ ወሬ ነኝ ይላል። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ ይታይ የነበረው በሽታ ከመቶ 50 ወደ ከመቶ 7 መውረዱ የተገለጸው ከዚያ በኋላ ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲቀበሉ ከመጀመሪያው ጽሑፍ 24 ዓመት አልፎ ነበር፤ በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘትም ብዙ ደክመዋል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁሉ የሚመለስበት የታተመና ቀን ያለው መነሻ ነበረው። ከኛ መካከል «ጥናቴ ትንሽ ናት» እያለ የሚያፍር ሰው ቢኖር ይህን ያስታውስ። መጽሔት ትንሽ ነገር አይንቅም፤ የሚንቀው ከልኩ በላይ የተነገረ ነገርን ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የመመረቂያ ጽሑፍና የመጽሔት ጽሑፍ አንድ አይደሉም። የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪው ብዙ ማንበቡን ለፈታኙ ያስመሰክራል፤ ስለዚህ ሰማንያና መቶ ገጽ ይሞላል። የመጽሔት አንባቢ ግን ስለ ጸሐፊው ማንበብ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ከዚህ በፊት ያልታወቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው። እኛ የምንጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው፦ ወረቀት ይዘን «አንባቢው ይህን ጽሑፍ ካነበበ በኋላ ቀድሞ የማያውቀውን ምን ያውቃል?» ብለን እንጠይቅና መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን። ዐረፍተ ነገሩ እምቢ ካለን ጽሑፉ ገና አልበሰለም። ሁለት ዐረፍተ ነገር ከወጣው ምናልባት ሁለት ጽሑፍ ይሆናል። ከተገኘ ደግሞ፣ ያን ዐረፍተ ነገር የማይረዳ ምዕራፍ ሁሉ፣ የቱንም ያህል የደከምንበት ቢሆን፣ ይወጣል። መቶው ገጽ አሥራ አምስት የሚሆነው እንደዚህ ነው። ያማል፤ ግን ይቻላል።

ከጽሑፉ ክፍሎች ሁሉ ተማሪ የሚሰንፈው በአሠራሩ ክፍል ነው። «ብዙ ገበሬዎች ነግረውናል» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን እመነኝ እያለ ይለምናል። «በጥርና በየካቲት በሁለት ቀበሌ 43 ገበሬዎችን ጠየቅን፤ የመረጥናቸውም ከቀበሌው መዝገብ በየአምስተኛው ስም ነው፤ 31ዱ እንዲህ አሉ፣ 9ኙ እንዲያ አሉ፣ 3ቱ መልስ አልሰጡም» ብሎ የሚጽፍ ግን አንባቢውን ና ራስህ መርምር ይለዋል። ቍጥሩ እዚህ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ሦስቱ ዝም ያሉት ሰዎች መጻፋቸውም የጽሑፉን እምነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የእንግሊዝኛ ቃል ለማግኘት ሲባልም ደቦን ወይም ዕድርን በማይመጥን ስም መተርጐም አይገባም። ቃሉን እንዳለ ጽፎ አንድ ጊዜ በሚገባ መፍታት ይበቃል።

መጽሔት መምረጥ የሚገባው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ገና ሲጀመር ነው። በዋቢ መጻሕፍታችን ዝርዝር ውስጥ ስሙ ሦስት አራት ጊዜ የተመላለሰው መጽሔት ብዙ ጊዜ ለጽሑፋችን የሚስማማው ነው፤ አንባቢዎቹ የምንናገረውን ነገር አስቀድመው ያውቁታልና። ከዚያ በኋላ የሁለት ዓመት እትሞቹን ማገላበጥ፣ ለጸሐፊዎች ያወጣውንም መመሪያ ቃል በቃል መከተል ነው። እኛ አንድ ጊዜ ይህን ንቀን ስለ ገበያ ዋጋ የጻፍነውን ጽሑፍ ስሙ ብቻ ለማረከን መጽሔት ላክነው። በዘጠነኛው ቀን በሁለት መስመር ተመለሰ፤ መጽሔቱ ለካ እንዲህ ያለውን ጥናት አያወጣም ኖሯል። አዘጋጁን አልወቀስንም። አንድን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ ግን ከዚህ የከፋ ስሕተት ነው። መልስ የሚዘገየው በወራት ቢሆንም እንኳ፣ ጽሑፉን ከመጀመሪያው መጽሔት ሳያስወጡ ወደ ሌላ መላክ በየትም የተነቀፈ ነው።

ስለ ጸሐፊዎች ስም ጥቂት እንበል፤ መምህራኖቻችን እንደሚያነቡን እያወቅን። ስሙ በጽሑፉ ላይ የሚገባው በሐሳቡ ወይም በሥራው በርግጥ የተካፈለና ስለ ጽሑፉ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ፈቃድ የፈረመና ገንዘብ የፈቀደ ሰው በምስጋናው ክፍል ይመሰገናል። ይህ ከመጻፉ በፊት በግልጽ ቢነጋገሩበት ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

አዘጋጁ ጽሑፉን ከተቀበለው በኋላ በትምህርቱ ለታወቁ ሁለት ወይም ሦስት መርማሪዎች ይልከዋል። ዛሬ ገምጋሚዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው። ይሁን እንጂ ከመርማሪ ፊት ትልቅ ሰውም አላመለጠም። በ1936 አልበርት አይንስታይን ከናታን ሮዘን ጋራ ሆኖ የስበት ሞገድ የሚባል ነገር የለም የሚል ጽሑፍ «ፊዚካል ሪቪው» ለተባለው መጽሔት ላከ። አዘጋጁ ጽሑፉን ለመርማሪ ቢሰጠው መርማሪው ስሕተት አገኘና አሥር ገጽ ያህል አስተያየት ጻፈ። አይንስታይን ሳይፈቅድ ጽሑፉ ለሌላ ሰው በመታየቱ ተቈጥቶ ጽሑፉን ወሰደ። ጽሑፉ በ1937 በሌላ መጽሔት ሲወጣ ግን መደምደሚያው ተለውጦ ነበር፤ ያ መርማሪ፣ ሃዋርድ ሮበርትሰን፣ ስሕተቱን በአይንስታይን የሥራ ባልደረባ በኩል እንዲያውቀው አድርጎ ነበርና። ሞገዱም በ2015 በመሣሪያ ተይዟል።

ከአዘጋጁ የሚመጣው ደብዳቤ አራት ዓይነት ነው። እንዳለ ተቀብለናል የሚለው እጅግ ጥቂት ነው። ትንሽ አርሙ ወይም ብዙ አርሙ የሚሉት አሉ፤ አንቀበልም የሚለው አለ። ብዙ አርሙ የሚለውን ደብዳቤ እንደ እምቢታ ማንበብ የብዙዎቻችን በሽታ ነው። ከኛ ጋራ የነበረ አንድ ተማሪ በአገሩ የመስኖ ውሃ ተራ እንዴት እንደሚከፈል አጥንቶ ጽፎ ነበር። ዋና ነገር የነገሩት ለብዙ ዓመታት የውሃ አባት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጽሑፉን ወደ አንድ መጽሔት ቢልከው በአምስተኛው ወር ሁለት ገጽ ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ መጣለት። ጓደኛችን የመጀመሪያውን ጥያቄ አንብቦ ደብዳቤውን አጠፈና መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሁለት ዓመት እዚያው ቈየ።

ቢያሳየን ኖሮ የምንለው ይህን ነበር። ደብዳቤው በደረሰ ቀን መልስ አይጻፍም፤ ሁለት ቀን ይታደራል። ከዚያ የመርማሪዎቹን አስተያየት ሁሉ በቍጥር ለያይቶ መገልበጥ፣ ከያንዳንዱም ሥር «ይህን ተቀብለን በዚህ ገጽ በዚህ መስመር አርመናል» ብሎ መጻፍ ነው። የማንስማማበት ነገር ሲኖር በትሕትና ምክንያቱን መግለጽ ይፈቀዳል፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን አይፈቀድም። መርማሪው ነገሩን ሳይረዳ ቀርቶ ከሆነም ዐረፍተ ነገራችንን ማረም ይሻላል፤ እሱ ያልገባው ለሌላም አይገባምና።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ላለ ሰው ሌላ ፈተና በኢሜይል ይመጣል። «የተከበሩ ታላቅ ሊቅ ሆይ» ብሎ የሚጀምር፣ ጽሑፍዎን በአራት ቀን እናትማለን የሚል፣ መጨረሻው ላይ የዶላር ሒሳብ የያዘ ደብዳቤ ነው። በ2013 «ሳይንስ» የተባለው መጽሔት እነዚህን ለመፈተን ዐይን ያለው መርማሪ ሁሉ ሊያየው የሚገባ ስሕተት የሞላበት የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ ክፍያ እየተቀበሉ ጽሑፋቸውን ለአንባቢ በነጻ ለሚሰጡ 304 መጽሔቶች በየስሙ ላከ። 157ቱ ተቀበሉት፤ 98ቱ ብቻ መለሱት። እዚያ የታተመ ጥናት እንደ ታተመ ስለሚቈጠር ወደ ደኅና መጽሔት መላክ አይቻልም፤ የተሰበሰበው ነገር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ግን አታላይ አይደለም። ክፍያ የሚያስከፍሉ ደኅና መጽሔቶች ብዙዎቹ እንደኛ ካለው አገር ለሚጽፍ ሰው ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ፤ ከመላክ በፊት መጠየቅ ነው። አጠራጣሪ ሲሆን በ1998 የተቋቋመውን የአፍሪካ መጽሔቶች ማውጫ ማየት፣ ከሁሉም በፊት ግን የቤተ መጻሕፍቱን ሹም ማማከር ይበጃል።

ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ለእርማት የሚላከውን ገጽ በችኰላ ማለፍ አይገባም። በተለይ ስማችን። የውጭ አገር አዘጋጆች የአባታችንን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም ስለሚወስዱት አንዱ ሰው በሁለት ስም ይመዘገባል። በላቲን ፊደል አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያ መጽናት ነው።

ያ ጓደኛችን ዘንድሮ ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥቶ አሳየን። አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረበት፤ ተቀምጠን ዐሥሩን በሁለት ሳምንት መለስን። የቀረው ሦስተኛው ነው። መርማሪው፣ ሰማዩ ደመና ሲሆንና ጥላ ሲጠፋ የውሃው ተራ በምን ይለካ እንደ ነበረ ጠይቆ ነበር። ጓደኛችን ወደ አገሩ ስልክ ደወለ። የውሃ አባቱ ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ዐርፈዋል፤ ልጃቸውም አያውቀውም። ስለ ጥላው የሚናገረውን አንቀጽ አሳጥረን፣ ይህን ሳንጠይቅ መቅረታችንን በአሠራሩ ክፍል ጽፈን፣ ጽሑፉን መልሰን ልከነዋል።