በትራክ ላይ ያለው ሞተርና በበራችን ላይ ያለው ቦዳ

ተማሪዎቻችን በምሳ ሰዓት ተሰብስበው በስልክ የሚያዩት ነገር በየዓመቱ ይለዋወጣል። ዘንድሮ ተራው የሞተር ሳይክል ሆኗል። ነጂው ጉልበቱን አስፋልት እያስነካ ኩርባውን ሲያልፍ የልጆቹ ጩኸት እስከ መምህራን ክፍል ይሰማል። እኛም ስልኩን ከመቀማት ነገሩን ማስረዳት ይሻላል ብለን ይህን ጽሑፍ ለዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጀን። ከእነዚሁ ልጆች ብዙዎቹ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚመጡት በቦዳ ቦዳ ነው። ከፍ ከፍ ያሉት ወንዶች ደግሞ ከሰፈር ሞተረኛ ተውሰው ለመንዳት ይከጅላቸዋል፤ አንዳንዶቹም ከመከጀል አልፈዋል። ስለዚህ በስልክ የሚታየው ምን እንደሆነ፣ ከበራችን ፊት ከሚቆመው ሞተርስ በምን እንደሚለይ ተማሪም ወላጅም ቢያውቅ እንወዳለን። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ፣ ልጆቹ ከሚያዩት ውስጥ ብዙው ውድድር አይደለም። እንግሊዞች “የትራክ ቀን” ብለው የሚጠሩት ነገር ነው። ተራ ሰው፣ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ ክፍያ ከፍሎ የገዛ ሞተሩን ለአንድ ቀን በእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ይነዳል። አሸናፊ የለም፤ ዋንጫ የለም፤ አዘጋጆቹም ሰዓት አይዙም። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉ ሜዳዎች ብዙ ናቸው። ሲልቨርስቶን፣ ስኔተርተንና ጉድውድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀሩ የአየር ኃይል ማረፊያዎች ነበሩ፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ የነበረው መንገድ ወደ እሽቅድምድም ሜዳነት ተለወጠ። ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ፣ በኬንት ያለው ብራንድስ ሃች ግን ታሪኩ ሌላ ነው። በ1926 ብስክሌተኞች የተጠቀሙበት ጎድጓዳ የሣር ሜዳ ነበር፤ ከዚያ ሞተር ሳይክሎች በሣሩ ላይ ተሽቀዳደሙበት፤ አስፋልት የለበሰው በ1950 ነው። ዛሬ ረጅሙ ዙር 3.9 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የቀኑን ሥርዓት ያየ ሰው ትምህርት ቤት ነው ቢል አይሳሳትም። ጠዋት ምዝገባ አለ። የሞተሩ ድምፅ በመሣሪያ ይለካል፤ ከተፈቀደው በላይ የሚጮህ ወደ ሜዳው አይገባም። ቀጥሎ ሁሉም ተሰብስቦ መመሪያ ያዳምጣል። ነጂዎቹ እንደ ችሎታቸው በሦስት ቡድን ይከፈላሉ፦ ጀማሪ፣ መካከለኛና ፈጣን። አንዱ ቡድን 20 ደቂቃ ያህል ነድቶ ሲወጣ ሌላው ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች በዝግታ፣ ከአስተማሪ ኋላ የሚነዱ ናቸው፤ መንገዱን ለማየት ብቻ። ከጀማሪዎች ቡድን ያለ ሰው ሌላውን በኩርባው ውስጠኛ በኩል ማለፍ አይፈቀድለትም። ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ አደጋ አለና ማለፍ ክልክል ነው፤ ቀይ ሲሆን ሁሉም ፍጥነቱን ቀንሶ ይወጣል፤ ጥቁር ከሆነ “አንተ ራስህ፣ ና ውጣ” ማለት ነው። ነጂው ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ወፍራም ቆዳ ለብሷል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳል። ከፊት የሚመጣ ማታቱ የለም፤ የሚሻገር ልጅ፣ ፍየል፣ ጉድጓድ የለም። አምቡላንስ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እነዚህ ሁሉ በስልኩ ምስል ውስጥ አይታዩም፤ የሚታየው ጉልበቱ ብቻ ነው።

ታዲያ ጉልበቱ ለምን መሬት ይነካል? ሞተር ሳይክል እንደ መኪና መሪውን አጣሞ ብቻ አይዞርም፤ መጋደል አለበት። ቀጥ ብሎ ቢዞር ወደ ውጭ ይወድቃል። (የፊዚክስ መምህራችን “ወደ ውጭ የሚጥል ኃይል” የሚለውን አባባል አይወዱትም፤ ሰውነታችን ቀጥ ብሎ መሄድ ስለሚፈልግ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ይፍቀዱልን።) ምን ያህል መጋደል እንዳለበት የሚወስኑት ፍጥነቱና የኩርባው ስፋት ናቸው። ከማዕከሉ እስከ ጠርዙ 50 ሜትር የሆነ ኩርባ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመዞር ሞተሩ 45 ዲግሪ ያህል መጋደል አለበት። ያንኑ ኩርባ በ40 ኪሎ ሜትር ብንዞረው ግን 14 ዲግሪ ይበቃል። ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ፤ መጋደሉ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ስሌቱን ራሳቸው ይሥሩት፦ ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ ለስፋቱና ለመሬት ስበት ብዜት ማካፈል ነው፤ የሚገኘው የማዕዘኑ ታንጀንት ነው።

ነጂው ሰውነቱን ከመቀመጫው አውጥቶ ወደ ውስጥ የሚሰቅለው ሞተሩ ራሱ ያን ያህል እንዳይጋደል ነው። ጉልበቱ ላይ የተለጠፈው ጠንካራ ፕላስቲክ አስፋልቱን ሲነካ ምን ያህል እንደተጋደለ ይነግረዋል፤ መለኪያ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ቦዳ ላይ ይህን የሚሞክር ልጅ ቀድሞ መሬት የሚያስነካው ጉልበቱን ሳይሆን የእግር መርገጫውን ነው። ብረቱ አስፋልቱን ገፍቶ ጎማውን ከመሬት ያነሣዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መናገር አያሻም።

አሁን ስለ አሮጌና አዲስ ሞተር እንናገር። በትራክ ቀን ሁለቱም ይመጣሉ፤ ለአሮጌዎቹ ብቻ የሚደረግ ቀንም አለ። ከአሮጌዎቹ ስመ ጥሩ ኖርተን ማንክስ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ 500 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በ1950 የተሠራለት አዲስ ሻሲ በኩርባ ላይ ከመመቸቱ የተነሣ “የላባ ፍራሽ” የሚል ስም ወጣለት። በ1969 የመጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ደግሞ አራት ሲሊንደር፣ የኤሌክትሪክ ማስነሻና የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ ለማንም ገዢ ቀረበ፤ የአሮጌውና የአዲሱ ዘመን ድንበር እዚያ ላይ ነው ቢባል የሚከራከር ጥቂት ነው። የዛሬው 1000 ሲሲ የእሽቅድምድም ሞተር ከ200 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ክብደቱ ግን 200 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው።

ከጉልበቱ ይልቅ ግን ትልቁ ልዩነት ፍሬኑ ነው። የድሮው ሞተር ፍሬን መካኒኮች ታምቡር የሚሉት ዓይነት ነው፤ በጎማው መሐል ባለ ክብ ብረት ውስጥ ሁለት ጫማዎች ተለጥጠው ግድግዳውን ይይዛሉ። ሙቀቱ እዚያው ውስጥ ይታፈናል። ደጋግሞ ሲያዝ ብረቱ ግሎ ይሰፋል፣ ጫማዎቹም የመያዝ አቅማቸው ይደክማል፤ ነጂው ፍሬኑን ጨብጦ ሞተሩ ግን እየሄደ ይቀራል። ዲስኩ በአየር ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቢኤምደብሊው ደግሞ በ1988 ኤቢኤስን በሞተር ሳይክል ላይ አመጣ፤ ጎማው ሊቆለፍ ሲል በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀ መልሶ የሚይዝ ነው። አውሮፓ ከ2016 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ኤቢኤስን ግዴታ አድርጋለች። አዲሱ ሞተር የነጂውን ስህተት ይሸፍንለታል፤ አሮጌው አይሸፍንለትም። በአሮጌ ሞተር ትራክ ላይ የሚነዱ ሰዎች ከሩቅ ቀድመው የሚያስቡት፣ ፍሬኑን በዝግታ ጀምረው እያጠበቁ የሚይዙት ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሽ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬን በግራ እግር ነበር፤ የዛሬው የዚያ ተቃራኒ ነው። ጠዋት አሮጌውን፣ ከሰዓት አዲሱን የሚነዳ ሰው እግሩን እንዳይሳሳት ይጠንቀቅ።

ወደ በራችን እንመለስ። ቦዳ ቦዳ ስሙን ያገኘው ከኬንያና ከኡጋንዳ ድንበር፣ ከቡሲያ አካባቢ፣ ሰውን ከድንበር ወደ ድንበር ያመላልሱ ከነበሩ ብስክሌተኞች ነው። ዛሬ ከበራችን ፊት ተሰልፈው የምናያቸው በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ሲሲ የሆኑ የህንድ ሞተሮች ናቸው። ልጆቻችን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ይህን ነው፦ ሞተሩ ባለፈው ዓመት የተገዛ ቢሆንም በአሠራሩ ለኖርተኑ ይቀርባል። ብዙዎቹ ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን ናቸው፤ ካርቡራተር አላቸው፤ ጎማቸው ቀጭን ነው፤ ኤቢኤስ የላቸውም። በስልክ የሚታየው ነጂ በኮምፒውተር የሚታገዝ ነው፤ የእኛ ቦዳ ነጂ ከእጁና ከዓይኑ በቀር አጋዥ የለውም። ጎበዝ የሆነውን ነጂ ልናከብረው የሚገባንም ለዚህ ነው።

የጎማን ነገር ወላጆች በደመወዝ ቢያስቡት ይቀላል። ጎማ መሬትን የሚይዝበት አቅም በወር እንደሚገባ ገንዘብ የተወሰነ ነው። ለፍሬን ያወጣኸው ለመዞር አይተርፍም። ስለዚህ የትራክ አስተማሪዎች ጀማሪውን ከሁሉ አስቀድመው የሚያስተምሩት ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ እንዲያዝ ነው። ዓይንም ከፊት ጎማው ሥር ሳይሆን ከኩርባው መውጫ ላይ ይሁን ይላሉ፤ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። በየአገሩ ያለው ሌላው ስህተት የፊት ፍሬንን መፍራት ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ በደረቅ አስፋልት የማቆሙን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው ጎማውን እያንሸራተተ ሩቅ ይሄዳል። በአሸዋና በጭቃ ላይ ግን የፊቱን በድንገት መጨበጥ ይጥላል፤ እዚያ ላይ መድኃኒቱ ቀድሞ መዝገም ነው።

ለመቆም የሚያስፈልገውን ርቀት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በግቢያችን በኖራ አስምረውት ነበር። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ፍሬን፣ ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ለመቆም 13 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ60 ኪሎ ሜትር 37 ሜትር ያህል ነው። በ120 ከ110 ሜትር ይበልጣል፤ መስመሩ ከግቢያችን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ሁለት ተሳፋሪ ከኋላ ተጭኖ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ መንገዱ ረጥቦ ከሆነ የኖራው መስመር ሁሉ ወደፊት ይሸሻል።

በ1961 በማን ደሴት ማይክ ሄይልውድ የተባለ እንግሊዛዊ በአንድ ሳምንት ሦስት ውድድር አሸነፈ፤ ሁለቱን በሆንዳ፣ ትልቁን በኖርተን። የማን ደሴት ውድድር እንደ ትራክ ቀን አይደለም፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ተራ የመኪና መንገድ፣ በድንጋይ አጥርና በቤት መካከል የሚካሄድና ብዙ ሰው የጨረሰ ነው። ሄይልውድ ዘጠኝ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮና ሆነ፤ በ1978 ደግሞ ከ11 ዓመት በኋላ ተመልሶ በዚያው ደሴት በዱካቲ አሸነፈ። በመጋቢት 1981 ከልጆቹ ጋር ምግብ ሊገዛ በመኪና ወጥቶ ሳለ አንድ የጭነት መኪና በማይፈቀድበት ቦታ ከፊቱ ታጠፈ። እሱም፣ ትንሿ ሴት ልጁም ሞቱ። ይህን ያህል የሚነዳ ሰው መንገዱ ላይ ሌላው ሰው የሚያደርገውን ማዘዝ አልቻለም።

ከአዲስ አበባ በቅርቡ ለመጡ ቤተሰቦችም አንድ ቃል አለን። እዚያ ከ2019 ወዲህ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ስለተደረገ ለብዙዎቹ ልጆች ቦዳ ላይ መቀመጥ አዲስ ነገር ነው። ተሳፋሪ ከነጂው ጋር አብሮ ይጋደል እንጂ ፈርቶ ወደ ተቃራኒው አይሳብ፤ ያ ሞተሩን ከመስመሩ ያስወጣዋል። የመጻሕፍት ቦርሳ በጀርባ እንጂ በጎን አይንጠልጠል። ነጠላና ሻሽ ከኋላ ጎማ ይራቅ። በኬንያ ሕግ አንድ ሞተር የሚጭነው አንድ ተሳፋሪ ብቻ ነው፤ ነጂውም ተሳፋሪውም የራስ ቁር ማድረግ አለባቸው። በርካታ ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ግምገማ እንዳሳየው የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ማሰሪያው ካልታሰረ ግን ከራስ ላይ በርሮ ይሄዳል፤ ጠዋት በር ላይ ቆመን የምናየው ብዙው ያልታሰረ ነው።

ከመስከረም ጀምሮ በቦዳ የሚመጣ ተማሪ የራሱን የራስ ቁር ይዞ እንዲመጣ ወስነናል። ማስቀመጫ መደርደሪያ በጥበቃ ቤቱ ጎን ተሠርቷል፤ የተማሪው ስምና ክፍል ይጻፍበታል። መግዛት የሚከብደው ወላጅ ለክፍል ኃላፊው በግል ይንገር፤ ከወላጆች ኮሚቴ ጋር የተነጋገርንበት ጉዳይ ነው። ለሁለት ወንድማማች አንድ ሞተር የሚከራይ ቤተሰብ ካለ ደግሞ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ በሰፈሩ በኩል ሊያልፍ ይችል እንደሆነ ከክረምቱ በፊት ቢጠይቀን መልካም ነው።