«ማን ላከው?»፦ ዕድልና ምክንያት በሁለት ጥቁርና ነጭ ፊልሞች

መግቢያ

ክረምት ላይ በአምባ ጊዮርጊስ ጭጋጉ ሲወርድ፥ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መኪና ገና ቀን ሳለ መብራቱን አብርቶ ያልፋል። ያደግሁት እዚያ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፥ በነሐሴ ወር፥ የሰው ከብት ይጠብቅ የነበረ አንድ እኩያዬን ደራሽ ውሃ ወሰደው። ሬሳው በማግሥቱ ከታች ተገኘ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነበር፤ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው፤ ምን ይደረግ!» አያቴ ብቻ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ «በዚያ ዝናብ ማን ላከው?» ስትል ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ዝም እንድትል በዓይናቸው ለመኗት።

ይህን ነገር እንደገና ያስታወሰኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለማስተማሪያ እንዲሆነኝ ያየሁት አንድ የጣሊያን ፊልም ነው። ፊልሙ የግድያ ምርመራ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ዝናብም ይበዛበታል። እርሱን ካየሁ በኋላ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ የሠሩትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ደግሜ ተመለከትሁ። በዚህ መጣጥፍ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጌ አንድ ጥያቄ ለመመለስ እሞክራለሁ። አንድ ታሪክ ሲተረክ የሰው ሞት «ዕድል» መስሎ የሚታየን መቼ ነው? የምክንያት ውጤት መስሎ የሚታየንስ መቼ ነው? በእኔ እምነት መልሱን ከሁለት ነገሮች ማግኘት ይቻላል። አንደኛው ሞቱ በትልሙ ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ስለ ሞቱ እንዲጠይቅ የተመደበው ገጸ ባሕርይ ማንነት ነው።

1. ዕድል፥ ዕጣ ፈንታና ዲተርሚኒዝም

ወደ ፊልሞቹ ከመግባታችን በፊት በተማሪዎች ጽሑፍ ዘወትር የሚደበላለቁ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን መለየት ያስፈልጋል። ዲተርሚኒዝም የሚባለው አስተሳሰብ፥ የሚሆነው ሁሉ ከእርሱ በፊት በነበሩ ምክንያቶች ግድ የሆነ ነው ይላል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1814 እንዳስረዳው፥ በአንዲት ቅጽበት በዓለም ያሉትን ኃይሎችና የእያንዳንዱን ነገር አቀማመጥ ጠንቅቆ የሚያውቅ አእምሮ ቢኖር ኖሮ፥ ያለፈውም የሚመጣውም እኩል ይታየው ነበር። ፋታሊዝም ግን ከዚህ ይለያል። በፋታሊዝም መንገዱ የፈለገውን ቢሆን መድረሻው አይለወጥም፤ ልጁ ያን ቀን ወንዙን ባይሻገር በሌላ ነገር ይሞት ነበር። በዲተርሚኒዝም መድረሻውን የሚወስነው መንገዱ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ቢጎድል ሞቱም ይቀር ነበር። እንግዲህ ለቀስተኞቹ የተናገሩት የፋታሊስት ቃል ነው። አያቴ የጠየቀችው ደግሞ፥ ስሙን ባታውቀውም፥ የዲተርሚኒስት ጥያቄ ነው።

የቋንቋችን ቃላት በዚህ ረገድ ልብ ሊባሉ ይገባል። «ዕድል» «አደለ» ከሚለው ግሥ ጋር ዝምድና አለው፤ የታደለ ማለት የተሰጠው፥ የደረሰው ማለት ነው። «ፈንታ» ድርሻ ነው። «ዕጣ» ቅርጫ ላይ መደቡ ከተደለደለ በኋላ የሚጣለው ነው። ሁሉም ከክፍፍል ዓለም የመጡ ናቸው። ቅርጫ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ግን ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሥጋውን የመደበ ሰው አለ። ቃሉ ራሱ አዳይ እንዳለ እየነገረን፥ በአነጋገራችን አዳዩን አንጠቅሰውም።

«የአርባ ቀን ዕድል» የሚለው አባባልም ሁለት ዓይነት ማብራሪያ ሲሰጠው ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ጽንሱ በአርባ ቀኑ መልክ ሲይዝ የሚጻፍለት ነው ይላል። ሌላው ወንድ ልጅ ክርስትና ከሚነሣበት ከአርባኛው ቀን ጋር ያያይዘዋል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ሆኖ ሳለ ስለ እርሷም «የአርባ ቀን ዕድሏ» ስለሚባል፥ የፊተኛው ማብራሪያ የሚያመዝን ይመስለኛል። ዐውደ ነገሥት ደግሞ ነገሩን በሒሳብ ያደርገዋል፤ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተክተው ተደምረው በ12 ሲገደፉ፥ የሚተርፈው ቁጥር ኮከቡን ያመለክታል።

ይህን ሁሉ «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ ግን ስሕተት ነው። እኔ ባደግሁበት አገር «ደም» የሚባል ነገር አለ፤ ገዳይ ሲታወቅ የሟች ወገን ደም የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ይሰማዋል። «ማን ላከው?» ተብሎ የሰው ስም ከተጠራ ነገሩ በሽማግሌ እስኪታረቅ ድረስ ሌላ ሬሳ ሊያስከትል ይችላል። «ዕድሉ ነው» የሚለው ቃል በዚህ ጊዜ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ በሕይወት ያለውንም ሰው ከጥይት ያተርፋል። የሴቶቹ ልመና አለማወቅ አልነበረም።

2. ሬሳው አስቀድሞ ሲገኝ፦ «ላ ኮማሬ ሴካ»

«ላ ኮማሬ ሴካ» ቤርናርዶ ቤርቶሉቺ የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፥ እ.ኤ.አ. በ1962 ለሕዝብ ያቀረበው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። የታሪኩ መነሻ የባለቅኔውና የፊልም አዘጋጁ የፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ ነው። «ኮማሬ» የክርስትና እናት ወይም አበልጅ ናት፤ «ሴካ» ደረቅ፥ ከሲታ ማለት ነው። የሮማ ሰው «ከሲታዋ አበልጅ» ሲል ሞትን ማለቱ ነው። ዕድልን ከአርባ ቀን ክርስትና ጋር የሚያያይዘው ሰው አገላለጹ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም።

ፊልሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በቴቬሬ ወንዝ ዳር የአንዲት ሴተኛ አዳሪ ሬሳ ይገኛል። በዚያ ማታ በአቅራቢያው ባለው መናፈሻ የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ ለምርመራ ይቀርባሉ፤ ከፍቅረኞች የሚሰርቅ ወጣት፥ በሴቶች ገንዘብ የሚኖር የቀድሞ እስረኛ፥ ከደቡብ አገር የመጣ ወታደር፥ የእንጨት ጫማ ያደረገ ሰው፥ ሁለት ጎረምሶች። ሁሉም የሚናገሩት ስለዚያው አንድ ቀን ነው። አፋቸው የሚናገረውና ካሜራው የሚያሳየው አንዳንድ ጊዜ አይገጥምም። ሌባው ሥራ ለማግኘት ቄሶች ዘንድ ሄጄ ነበር ሲል፥ በምልሰት የምናየው ሲሰርቅ ነው።

ለርእሰ ጉዳያችን ዋናው ዝናቡ ነው። በየቃላቸው መካከል ያው የከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ ሲጥል ካሜራው ወደ ሟቿ ክፍል ይሄዳል፤ ከእንቅልፏ ስትነሣ፥ ቡናዋን ስታዘጋጅ፥ ለመውጣት ስትለባብስ እናያለን። የምትሄደው ወደ ሞቷ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ እርሷ አታውቅም። ሬሳውን አስቀድመን ስላየን የምታደርገው ሁሉ ንግር ይሆንብናል። ቡናዋም፥ ልብሷም፥ ዝናቡም ወደ አንድ ሰዓት የሚነዷት ይመስላሉ። ነገር ግን ልብ ብለን ስናየው ያን ቀን ከሌላው ቀን የሚለየው ነገር የለም፤ በሌላውም ቀን ዘንቧል፥ ቡናም ጠጥታለች። ግድነቱ የመጣው ከአተራረኩ ነው። መጨረሻው ወደ ፊት ስለ ተዘዋወረ መካከሉ ሁሉ የተጻፈ ዕድል መሰለ። ለቅሶ ቤትም የሚሆነው ይኸው ነው፤ «ቀኑ ደርሶ ነበር፤ ያን ዕለት ጠዋት ፊቱ ጠቁሮ ነበር» እያልን የምንተርከው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገዳዩ በመጨረሻ ይያዛል። ከሁለቱ ጎረምሶች አንዱ ግን፥ ከአንድ ሰው ሲጋራ ማቀጣጠያ ሰርቀው ስለ ነበር ፖሊስ ሲመጣ ደንግጦ ይሸሻል፤ ወንዝ ውስጥ ገብቶም ይሰምጣል። ስለ ሴትዮዋ ሞት ይህን ያህል ተጠይቆ ስለ ልጁ ሞት ማንም አይጠየቅም። መርማሪው ደግሞ በፊልሙ በሙሉ ፊቱ አይታይም፤ ድምፁን ብቻ እንሰማለን። ጥያቄው ሥልጣን አለው፤ ፊት ግን የለውም። ለአንዱ ሬሳ ይጠይቃል፤ ለሌላው ዝም ይላል።

3. ሞቱ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፦ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»

ጎንደር ፒያሳ የሚገኘው ሲኒማ ቤት በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው። ኃይሌ ገሪማ ከወረራው ፍጻሜ ጥቂት ዓመታት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1946 በዚሁ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ሲሆኑ፥ ስለ ጎንደር አርበኞች «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ኃይሌ በልጅነታቸው የታርዛንን ፊልም ሲያዩ ከታርዛን ወግነው ይደሰቱ እንደ ነበር በቃለ ምልልስ ተናግረዋል። በኋላ የሠሩት ሥራ ማን ለማን እንደሚወግን መልሶ የመጠየቅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1974 የዘውዱ ሥርዓት በሚንኮታኮትበት ወቅት አገር ውስጥ የተቀረጸ፥ በ1976 ለሕዝብ የቀረበ፥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚወስድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንድ የገበሬ ቤተ ሰብ ለአንድ ባለ ርስት ይሠራል። ትልሙ ከቤርቶሉቺ ፊልም ተቃራኒ ነው። ከፊት የተቀመጠ ሬሳ የለም። ያለው ማለዳ፥ ጸሎት፥ እርሻ፥ ከብት፥ ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚሳደብ ጌታ፥ እንደገና ማለዳ ነው። ካሜራው በአንድ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ተመልካቹ ይሰለቻል። ተማሪዎቼም «ምንም አይሆንም» ብለው አማረዋል። ያ መሰልቸት ግን ምክንያት ሲጠራቀም የሚያሳይ ነው።

ከዚያ ከብት የምትጠብቀው ልጅ የጌታውን ላም ለማዳን ስትል ደራሽ ውሃ ይወስዳታል። ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ሳይ ፊልሙን አቋርጬ ወጣሁ። በመግቢያዬ «የሰው ከብት» ያልሁት የእኛን ቤት ከብት ነው። ልጁን በዚያ ዝናብ የላከው አባቴ ነበር። አያቴ የጠየቀችው የገዛ ልጇን ነው፤ ሴቶቹ በዓይናቸው የለመኗትም ለእኛ ቤት ብለው ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከብት መላክ በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የልጁ ወላጆች የራሳቸው በቂ መሬት ቢኖራቸው ኖሮ ልጃቸው የእኛን ከብት ባልጠበቀ ነበር። ፊልሙ ያስረዳኝ ይህን ነው። የልጅቱ ሞት በፊልሙ ውስጥ ሲመጣ «ዕድሏ ነው» ማለት አይቻልም፤ ከሞቱ በፊት የነበረውን እያንዳንዱን ማለዳ አይተናልና።

ምክንያት ጠያቂው ከበበ የተባለ ሰው ነው። ከጣሊያን ጋር የተዋጋ፥ መሬቱን የተነጠቀ፥ አገሩ ሁሉ እብድ የሚለው ሰው ነው። በመጨረሻ ጌታውን ደብድቦ ይገድላል። እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ጥሩ ተቃውሞ አንሥቶ ነበር፤ ሁሉም ነገር ከምክንያት የመጣ ከሆነ የከበበ ዱላም ከምክንያት የመጣ ነው፤ ታዲያ ነጻነቱ የቱ ላይ ነው? እውነት ነው፤ ፊልሙ ከዲተርሚኒዝም አይወጣም። ከፋታሊዝም ግን ይወጣል። ርእሱ የሦስት ሺህ ዓመት ዕድል የሚመስለውን ነገር ይጠራል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ፊልሙ ተቀርጾ ገና ለሕዝብ ሳይቀርብ የባለ ርስትነትን ሥርዓት ሻረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን የራሱን መከራ አምጥቷል። ቢሆንም የማይለወጥ ይባል የነበረው በሰው እጅ መለወጡ አልቀረም።

4. ጠያቂው ለምን «እብድ» ይባላል?

ይህ ነገር የፊልም ብቻ አይደለም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር የሰጡት ልጅ ነው። ፍቅር ሲይዘው ስለቱ እንደ ተጻፈ ፍርድ ይከተለዋል። የልብ ወለዱ ርእስም መቃብሩን ከሽፋኑ ላይ ስለሚነግረን፥ አንባቢው ታሪኩን የሚያነበው ሬሳውን አስቀድሞ እንዳየ ሰው ነው። እስከዚህ ድረስ ከቤርቶሉቺ ስልት ጋር ይቀራረባል። ግን ስለቱን የተሳሉት ሰዎች ናቸው። የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ጋብቻ የሚከለክለውም ሰው የሠራው የዘር ቆጠራ ነው። ይህን በግልጽ የሚናገረው ካሣ ዳምጤ ሲሆን፥ አገሩ ያወጣለት ስም «ጉዱ ካሣ» ነው።

እንግዲህ ከበበ «እብድ»፥ ካሣ «ጉዱ» ተብለዋል፤ አያቴም ዝም እንድትል ተለምናለች። በጣሊያኑ ፊልም ምክንያትን የሚጠይቀው ሥልጣን ያለው፥ ፊቱ ግን የማይታይ ሰው ነው። በእኛ ሥራዎች የሚጠይቀው ፊቱንና ኑሮውን የምናውቀው፥ ሥልጣን ግን የሌለው ሰው ነው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ሲጠና ይህ ልዩነት ቢታሰብበት ጥሩ ነው እላለሁ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደ ሞከርሁት፥ ሞት በትልሙ መጀመሪያ ሲቀመጥ የቀረው ሁሉ ዕድል ይመስላል፤ መጨረሻ ሲመጣ ምክንያቱ ይቆጠራል። በመሆኑም ተማሪዎች በአንድ ሥራ ውስጥ «ዕድሉ ነው» የሚል ቃል ሲያገኙ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ይጠቀማሉ። ሞቱ በትልሙ ውስጥ የት ተቀመጠ? የጠየቀ ሰው አለ ወይ? የጠየቀውንስ ሰው ምን ብለው ጠሩት?

የአያቴ ጥያቄ በቤታችን ሁለተኛ አልተነሣም። ደም አልፈሰሰም፤ ለዚህም «ዕድሉ ነው» የሚለውን ቃል አመሰግናለሁ። ነገር ግን በተከታዩ ክረምት የእኛን ከብት የጠበቀው የዚያው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነበር።